“ያው ነው” የተባለው ግድግዳ

ጠረጴዛው ላይ፣ ከማኪያቶዬ ብርጭቆ አጠገብ ያስቀመጠችው ነገር ስፋቱ ከሞባይል ስልክ አይበልጥም። አንድ ፊቱ ብርማ ነው፤ ጀርባው ላይ የቀረው ማጣበቂያ አቧራ ይዟል። ድሮ የክላዲንግ (የግድግዳ ልብስ) ነጋዴዎች ለአርክቴክቶች ያድሉት የነበረ ናሙና ነው አለችኝ።

“ይያዙት ጋሼ፣ አይቆርጥም።”

አነሣሁት። ሲይዙት ይቀላል። ከጎኑ ሲያዩት ሳንድዊች ነው፤ ከላይና ከታች ግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ቅጠል፣ መሃሉ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ጥቁር ነገር። ጥቁሩን በጥፍሬ ቧጨር አደረግሁት። እንደ ሰም ለስለስ አለና ጥፍሬ ሥር ገባ።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ፌስታል” አለች።

ቀልዷን አልነበረም። ስሙ ፖሊኢትሊን ይባላል፤ ፌስታሉም ጀሪካኑም የሚሠራው ከዚሁ ዘር ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀልጥ ይንጠባጠባል፣ እየተንጠባጠበም ይነዳል። ግራና ቀኙን አሉሚኒየም ሲያለብሱት ግን ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዝናብ የማይነካው፣ ዋጋው የማይጎዳ የሕንፃ ልብስ ይሆናል። ከደጅ ሆኖ ለሚያየው ብረት ነው።

ልጅቱ የእሳት መሐንዲስ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በአሥር ዓመቷ ከእናቷ ጋር ለንደን መጥታ፣ እዚሁ ተምራ እዚሁ የምትሠራ። ሥራዋ ሊገነቡ ለታሰቡ ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች የእሳት ደኅንነት ሰነድ ማዘጋጀት፣ ከዚያም ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ መከራከር ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ የምትሠራላቸው ሰዎች ፋይል ገና መንግሥት ጠረጴዛ ላይ ነው። “የእሳት መሐንዲስ” የሚለው ማዕረግ ራሱ ያስቃታል። “እርስዎም ነገ ካርድ አሳትመው የእሳት መሐንዲስ ነኝ ቢሉ፣ በዚህ አገር የሚከለክልዎ ሕግ አልነበረም” አለችኝ። ማዕረጉ በሕግ ይጠበቅ የሚል ምክር የግሬንፌልን ቃጠሎ ከመረመረው አጣሪ ኮሚሽን የመጣው በ2024 ነው። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተቀመጥንበት ካፌ ላድብሮክ ግሮቭ ነው። ወጥተን ትንሽ ብንራመድ ግሬንፌል ታወር ሥር እንደርሳለን። ሕንፃው ለዓመታት በነጭ ሸራ ተሸፍኖ፣ አናቱ ላይ አረንጓዴ ልብ ተስሎበት ቆሟል፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ፎቅ በፎቅ ወደ መፍረሱ ገብቷል። እዚህ ሰፈር ለሚኖር ሐበሻ ግሬንፌል የሩቅ ወሬ አይደለም። ከሞቱት ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ፤ ለቅሶ የተቀመጥንባቸው ቤቶች ነበሩ።

ጁን 14 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ከአራተኛ ፎቅ፣ ከ16 ቁጥር ቤት ለእሳት አደጋ ተደወለ። የደወለው የቤቱ ተከራይ፣ ኢትዮጵያ የተወለደ ታክሲ ነጂ ነበር። የጭስ ማስጠንቀቂያው ቀሰቀሰው፣ ወጥ ቤት ቢገባ ከፍሪጁ ዘንድ ጭስ አየ። ደወለ፤ የጎረቤቶቹን በር እየደበደበ ቀሰቀሰ። ሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? በሚቀጥሉት ቀናት ግን ስሙና ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በኛም መሃል “የእኛ ልጅ ነው አሉ ያቃጠለው” ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በኦክቶበር 2019 የታተመው የአጣሪ ኮሚሽኑ የመጀመሪያ ሪፖርት ሰውየው አንዳች ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ ጻፈ። እንዲህ ያለው ማስተባበያ እንደ ሐሜቱ አይሮጥም።

የወጥ ቤት እሳት ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የዕለት እንጀራ ነው። በኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ እያንዳንዱ አፓርትመንት እንደ ሳጥን ተዘግቶ ይሠራል፤ እሳቱ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ይታፈናል፣ ሌላው ሰው “ቤታችሁ ቆዩ” ይባላል። በ1974 ተሠርቶ ያለቀው ግሬንፌልም የተነደፈው በዚሁ ሐሳብ ነበር፤ 24 ፎቅ፣ 67 ሜትር ከፍታ፣ መውጫና መውረጃው አንድ ደረጃ። ያን ሌሊት እሳቱ በወጥ ቤቱ መስኮት ጥግ ሾልኮ ወጣና ሕንፃው ከዓመት በፊት የለበሰውን አዲስ ልብስ ያዘ። 7 ሰዓት ከ27 ሲሆን አናቱ ላይ ደርሷል። ከመጀመሪያው ጥሪ 33 ደቂቃ ነው። “ቤታችሁ ቆዩ” የሚለው መመሪያ የተነሣው ግን 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነበር። ረመዳን ስለነበር ነቅተው የነበሩ ሰዎች ጎረቤት እየቀሰቀሱ አተረፉ። እንዲያም ሆኖ 72 ሰው ሞተ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ልጅቱ በቃሏ የምታውቀው ሌላኛውን ነው፤ የወረቀቱን።

“ገጹን ላሳይዎት” ብላ ላፕቶፗን አዞረችልኝ። የኮሚሽኑ ሰነዶች ለማንም ክፍት ናቸው። ያወጣችው ሕንፃውን ለማደስ በታሰበ ጊዜ፣ በኖቬምበር 2013፣ የእሳት አማካሪው ድርጅት የጻፈው ሪፖርት ነው፤ ሦስተኛ እትም። ስለ ውጪው ግድግዳ የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የታሰበው ለውጥ እሳት በውጪ በኩል እንዲዛመት አያደርግም ተብሎ ይታሰባል፣ ይህም በሚቀጥለው የሪፖርቱ እትም ይረጋገጣል ይላል።

“አራተኛው እትምስ?”

“የለም ጋሼ። አልተጻፈም።”

ዝም ብዬ ዐረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩት። “ይታሰባል።” “ይረጋገጣል።” ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ጽፎ ያውቃል፤ እኔም ጽፌአለሁ። አማካሪው ግድግዳው በምን እንደሚለበስ አልጠየቀም። ዋናው ኮንትራክተር ከመጣ በኋላ ደግሞ አማካሪውን መልሶ የቀጠረው አልተገኘም። ወረቀቱ ግን ፋይሉ ውስጥ ነበር። በኋላ የመጣ ሁሉ ፋይሉን ሲከፍት “የእሳት ሪፖርት” የሚል ርእስ ያያል፣ አለ ብሎ ያልፋል።

አርክቴክቱ መጀመሪያ ያሰበው ዚንክ ነበር። ዚንክ ውድ ነው። በጀቱ ጠበበና በዚንኩ ፋንታ ኤሲኤም የሚሉት ይሄው የአሉሚኒየም ሳንድዊች ቢሆን ከ200 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደሚተርፍ ተሰላ። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም ከሩቅ ብረት ናቸው። በአማርኛ ያሰብኩት እንደሆነ የዚያ ውሳኔ ሙሉ ይዘት ሁለት ቃል ነው፤ ያው ነው።

ያው እንዳልሆነ ያወቁ ሰዎች አልጠፉም። በ2015፣ ግድግዳው በሚለብስበት ጊዜ፣ የክላዲንግ ንዑስ ተቋራጩ ሠራተኛ የሆነ መሐንዲስ፣ ኤሲኤሙ በእሳት ጊዜ ቶሎ ነድዶ እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን የሚል ኢሜይል ጽፏል። ተጽፎ ተላከ፤ ሥራውም ቀጠለ። አምራቹ ድርጅት በበኩሉ ፓነሉ እንደ ካሴት ታጥፎ ሲሰቀል ክፉኛ እንደሚነድ ራሱ ያስደረገው የእሳት ሙከራ ነግሮታል፤ ለገበያው አልተናገረም። በ2008 የወጣው የፓነሉ የምስክር ወረቀት ደግሞ ለረጅም ሕንፃ የሚስማማ አስመስሎታል። ከፓነሉ ጀርባ የገባው የሙቀት መከላከያ ፎም ነገር ከዚህ አይሻልም። በ2014 በተደረገው ሙከራ ላይ አምራቹ እሳት የማይበግረው የማግኒዝየም ኦክሳይድ ሰሌዳ አስገብቶ አሳለፈው፤ ሰሌዳው በሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም። የተፈተነው ሌላ ግድግዳ፣ የተሸጠው ሌላ ግድግዳ።

የቀረው የመንግሥት ዓይን ነው። ፕላኑን የሚመረምረው፣ ሥራው ላይ እየሄደ የሚያየው፣ በመጨረሻም የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ነበር። ጉዳዩ በእጁ የነበረው ባለሙያ በአንድ ወቅት እስከ 130 የሚደርሱ ፕሮጀክቶች እንደነበሩበት ለኮሚሽኑ ተናግሯል። ስለ ውጪው ግድግዳ የተሟላ ዝርዝር አልጠየቀም። በመስኮቶቹ ዙሪያ እሳት እንዳይሾልክ ክፍተቱን የሚዘጋው ማገጃ አለመኖሩ አልታየውም። በጁላይ 2016 ምስክር ወረቀቱ ወጣ። ዓመት ሳይሞላው 16 ቁጥር ቤት ፍሪጁ ተቀጣጠለ።

ስለዚህ ሰው ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። 130 ፋይል ተሸክሞ የሚሮጥ የመንግሥት ሠራተኛ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ዘመዶቻችን ናቸው። ኮሚሽኑም ቢሆን ጥፋቱን እሱ ላይ ብቻ አልጫነም። አርክቴክቱ ልዩ ባለሙያው ክላዲንግ ሠሪው ነው ይላል፤ ክላዲንግ ሠሪው ዲዛይኑ የአርክቴክቱ ነው ይላል፤ ዋናው ኮንትራክተር ሁለቱም አሉ፣ የሕንፃ ቁጥጥርም አለ ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ኮንትራክተር ቀጥሬያለሁ ይላል። የኮሚሽኑ ዋና ጠበቃ ሪቻርድ ሚሌት ይህን ጥፋት እየዞረ የሚቀባበሉት ጨዋታ አድርገው ገልጸውታል። እያንዳንዱ ፊርማ የተደገፈው በሌላው ፊርማ ላይ ነበር። ግድግዳውን ማንም አልተደገፈውም።

እንዲህ ያለ ነገር ሳይነገር የመጣ አልነበረም። በ2009 እዚሁ ለንደን፣ ላካናል ሃውስ የተባለ ሕንፃ ተቃጥሎ ስድስት ሰው ሞቷል። በ2013 የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ዳኛ የእሳት ደንቡ መመሪያ ግልጽ እንዲደረግ ለመንግሥት ጽፈዋል። መንግሥት በዚያ ዘመን ደንብ መቀነስን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር ነበር። መመሪያው እንደተምታታ ቆየ።

ከቃጠሎው በኋላ ሥርዓቱን እንዲመረምሩ የተሾሙት መሐንዲስ፣ ዴም ጁዲት ሃኪት፣ በ2018 ሥራቸውን ሲያስረክቡ የፈቃድ አሰጣጡ ከሥሩ ይቀየር አሉ። በ2022 የሕንፃ ደኅንነት አዋጅ ወጣ። ቁመቱ 18 ሜትር ወይም ሰባት ፎቅ የሞላ፣ ቢያንስ ሁለት መኖሪያ ቤት ያለው ሕንፃ እንግሊዝ ውስጥ “ከፍተኛ ስጋት ያለበት” ተባለና ከአካባቢው ምክር ቤት እጅ ወጣ። ጉዳዩ የሚታየው በአዲሱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። መሐንዲሶቹ የሚያወሩት ስለ ሦስት በሮች ነው። አንደኛው በር ገና ቦታው ላይ ሕንፃ ይሠራ አይሠራ ሲባል ነው፤ የእሳት አደጋ መኪና የት ይቆማል፣ ውኃ ከየት ይመጣል፣ ደረጃው ስንት ነው የሚሉት ጥያቄዎች ከ2021 ጀምሮ እዚያ ላይ ይነሣሉ። ሦስተኛው በር ሕንፃው ካለቀ በኋላ ነው፤ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀቱ ሳይወጣ ሰው ማስገባት ወንጀል ነው። ሰው የሚያለቅሰው ግን ሁለተኛው በር ላይ ነው።

“ሁለተኛው በር ማለት” አለች ልጅቱ፣ “ሳይፈቀድልዎ መሠረት አይቆፍሩም። ድሮ እየተሠራ ነበር የሚነደፈው። ስለ ግድግዳው በኋላ እናስብበታለን ይባላል። አሁን በኋላ የሚባል ነገር የለም።”

ፋይሏን ከፈተችልኝ። በመቶ የሚቆጠር ሰነድ ነው። የአንድ ፎቅ ፕላን መረጠችና አሰፋችው። የአፓርትመንቶቹን ግድግዳ የሚከቡ ባለ ቀለም መስመሮች አሉ፤ ቀዩ 120 ደቂቃ እሳት መቋቋም ያለበት ነው፣ ሰማያዊው 60። መስመሩ የትም መቋረጥ የለበትም። የሚቋረጠው ግን የትም ነው፤ የሽንት ቤት ቱቦ ይበሳዋል፣ የመብራት ገመድ ይበሳዋል፣ የአየር ማስተላለፊያ ይበሳዋል። አንዷን ቱቦ በእርሳሷ ጫፍ ነካቻት። የፕላስቲክ ቱቦ በእሳት ጊዜ ቀልጦ ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ የክንድ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ይቀራል። ስለዚህ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ አንገቱ ላይ ቀለበት ይታሰርለታል። ቀለበቱ ውስጥ ያለው ነገር ሲሞቅ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ እየቀለጠ ያለውን ቱቦ አንቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በዚህ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለው ቀለበት በየፎቁ አለ፤ እያንዳንዱ ከየትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ሙከራ፣ በምን ዓይነት ግድግዳ ላይ እንደተፈተነ መጻፍ አለበት። ለኮንክሪት ግድግዳ የተፈተነ ቀለበት ለጂፕሰም ግድግዳ ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃዎቹ ሁለት ናቸው። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 በኋላ ማመልከቻው የሚገባ ከ18 ሜትር በላይ የሆነ አዲስ የመኖሪያ ሕንፃ አንድ ደረጃ ብቻ ይዞ አይፈቀድለትም፤ የቢሮዋ ሰዎች ቀኑን ሳይጠብቁ ሁለት አድርገውታል። የሕንፃው ባለቤት በሁለተኛው ደረጃ ምክንያት ስለሚያጣው የሚሸጥ ካሬ ሜትር ሲያማርር፣ እናቷ የሚሉትን ልትነግረው ፈልጋ በእንግሊዝኛ አልመጣላትም።

“ሁለት ባላ ትከል” አልኳት።

“አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል። እሱን! እንዴት ብዬ ልተርጉምለት?”

ከሁሉ በላይ የተሟገተችልኝ ግን ስለ ለውጥ ነው። በአዲሱ አሠራር ፈቃድ የተሰጠበት ዕቃ ሲቀየር ማን ጠየቀ፣ ለምን፣ ማን አየው የሚለው ይመዘገባል። ትንሹን ለውጥ አሳውቆ መሥራት ይቻላል። ከፍ ያለውን፣ ለምሳሌ የውጪ ግድግዳ ዓይነት መቀየርን፣ ተቆጣጣሪው ሳይፈቅድ መንካት አይቻልም፤ ለዚህም ስድስት ሳምንት ተመድቧል። መዝገቡም ሕንፃው ካለቀ በኋላ አብሮት ይኖራል፤ “ወርቃማው ክር” ብለው ነው የሚጠሩት። ያ ከዚንክ ወደ ኤሲኤም የተደረገው ቅያሪ ዛሬ ቢሆን ሥራው ይቆምና አንድ ሰው ተቀምጦ “ያው አይደለም” ብሎ ለመጻፍ ዕድል ያገኝ ነበር። ሕጉ ለረጅም ሕንፃ የሚነድ ክላዲንግ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጭራሽ ከልክሏል፤ ነገር ግን ክልከላ ያለ ለውጥ መዝገብ ብዙ እንደማያዋጣ ከፈተናው ሪፖርት የተሸሸገው የማግኒዝየም ሰሌዳ ይመሰክራል።

“ባለፈው ሳምንት ከሳይት ደወሉልኝ” አለች። “ያዘዝነው የእሳት ማገጃ ገበያ ላይ የለም፣ ሌላ ተመሳሳይ አግኝተናል አሉኝ። ምኑ ነው ተመሳሳይ ብል፣ ቀለሙ አሉኝ።”

ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን ቆመ።

ይህ ሁሉ ሲጻፍ ያማረ ነው። ሲኖሩት ግን ወረፋ ነው። ለአዲስ ሕንፃ ሁለተኛው በር ላይ መልስ እንዲሰጥ ሕጉ የቆረጠው 12 ሳምንት ነበር። በ2025 ከ30 ሳምንት በላይ ይወስድ ነበር። መሬት ገዝተው በወለድ ገንዘብ የሚጠብቁ ግንበኞች ጮኹ፤ ቤት የሌለው ሕዝብ ቤት ይጠብቃል፣ እናንተ ወረቀት ትቆጥራላችሁ አሉ። ተቆጣጣሪው ደግሞ የሚመጣልኝ ማመልከቻ መሠረታዊ ነገር የጎደለው ነው፣ ሕንፃው ደንቡን እንዴት እንደሚያሟላ ሳያስረዱ “ያሟላል” ብለው ብቻ ይልኩታል ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነታቸውን ይመስለኛል። ለአርባ ዓመት ማንም አጥብቆ ጠይቆት የማያውቅ ኢንዱስትሪ በአንድ ጀምበር መመለስ አይችልም፤ የሚጠይቁ መሐንዲሶችም በአንድ ጀምበር አይፈለፈሉም።

እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። እዚሁ በር ላይ የሚሰለፉት አዲስ ሕንፃዎች ብቻ አይደሉም። የሚነድ ክላዲንጋቸውን አውልቀው መጣል የሚፈልጉ የቆዩ ሕንፃዎችም ይሰለፋሉ። ማታ ማታ ያንን ግድግዳ ተንተርሰው የሚተኙ ቤተሰቦች እንዲፈርስላቸው ፈቃድ ይጠብቃሉ። ለነሱ የተመደበው ስምንት ሳምንት ነበር፤ እሱም አልተከበረም። ወረፋ ደኅንነት አይደለም። ልጅቱ በዚህ አልተስማማችኝም። “እሱን በጥድፊያ ቢያወልቁትና የሚለብሰው አዲሱስ በጥድፊያ ቢሆን?” አለች። መልስ አልነበረኝም።

በጁን 2025 መንግሥት ተቆጣጣሪውን ራሱን አሻሽላለሁ ብሎ ፈጣን አሠራር አወጀ፤ ሥራውን የሚረከበውን አዲስ ቦርድ እንዲመሩም አንዲ ሮውን ሾመ። ሰውየው የለንደን እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ የነበሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ በዚያች ሌሊት ግሬንፌል ደርሰው ትእዛዙን ከተረከቡ በኋላ “ቤታችሁ ቆዩ” የሚለውን መመሪያ የሻሩት መኮንን ናቸው፤ 8 ሰዓት ከ47 ላይ። ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ፣ እየተቃጠለ ሳለ መልስ ፍለጋ በራዲዮ ሲጮኹ ለነበሩ ሰው ተሰጠ። ይህን ሹመት ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ለኔ ግን ከብዙ ገጽ አዋጅ ይበልጣል።

ወደ አገር ቤት የሄድኩ ጊዜ የሕንፃ ፊት ማየት ሱስ ሆኖብኛል። አዲስ አበባ አልኮቦንድ ለብሳለች፤ ባንኩ፣ ሞሉ፣ ሆቴሉ፣ የቆየውም ሕንፃ ሲታደስ እንዲሁ። አልኮቦንድ የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም ነበር፤ አሁን የዕቃው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ችግሩ እዚያ ላይ ነው፤ ስሙ አንድ ሆኖ ዕቃው ሦስት ነው። መሃሉ ድፍን ፖሊኢትሊን የሆነ አለ፤ እሳት የሚያዘገይ ማዕድን የተቀላቀለበት አለ፤ ጥቂት ፕላስቲክ ብቻ ያለበትና እምብዛም የማይነድ አለ። ከፊት ሲያዩት አይለይም። አንድ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ ገብቼ መሃሉ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

“ጎማ ነው ፋዘር” አለኝ ልጁ።

“እሳት ይችላል?”

“አሉሚኒየም እኮ ነው! ሁሉም ያው ነው፣ በቀለም ነው የሚለያየው።”

ልጁ አልዋሸኝም። ከሱ በፊት የጠየቀው ሰው የለም ማለት ነው። ሕጉ ግን አልጠፋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏል፤ ከ12 ሜትር በላይ የሆነው፣ ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካውም ሁሉ “ሐ” ውስጥ ይገባ ነበር፤ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳያገኝም ሰው አይገባበትም ይል ነበር። ዘመዴ ያሠራው ሕንፃ “ሐ” ነበር። ለማየት የመጣው ባለሙያ ከመኪናው ወርዶ ምድር ቤቱን ዞረና፣ የተሰቀሉትን የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደሮች ቆጥሮ ሄደ። የአደጋ ጊዜ ደረጃው ላይ አልወጣም። ቢወጣ ኖሮ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሴራሚክ ካርቶን ተደርድሮበት፣ ሦስተኛው ላይ በሰንሰለት ተቆልፎ ያገኘው ነበር። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው፤ ሌባ ፈርተው ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የእሳት አደጋ መኪኖች በጠባቡ መንገድ ሲታገሉ ያየን ሰዎች፣ አንደኛው በር ለምን ከመሠረት ቁፋሮ በፊት እንደተተከለ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ወረቀት እያጣን አይደለም። የእኛም የእንግሊዞቹም ፋይል ወፍራም ነበር። የጎደለው መሃሉ ምንድን ነው የሚል ሰው ነው፣ መልስ እስኪያገኝ ተነሥቶ የማይሄድ።

ሒሳብ ልንከፍል ስንል ላፕቶፗ ድምፅ አሰማ። አየችውና መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከተቆጣጣሪው ነው፤ ፈቃድም እምቢታም አይደለም፣ ተጨማሪ ማብራሪያ ነው። ከተዘረዘሩት ጥያቄዎች አንዱን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ በወጥ ቤት መስኮቱ ፍሬምና በውጪው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በምን እንደሚዘጋ በዝርዝር ሥዕል ይቅረብ ይላል።

ግሬንፌል ላይ እሳቱ የወጣበት ቦታ ነው። እዚያ የነበረው ፕላስቲክና ፎም ነበር።

ሥዕሉን ፈልጋ አወጣች። አጎላችው፣ እንደገና አጎላችው፤ ሙሉው ሕንፃ ከስክሪኑ ወጥቶ የአንድ መስኮት ጥግ ብቻ ቀረ። ከፍሬሙ እስከ ግድግዳው ያለችው ቀዳዳ 20 ሚሊ ሜትር ትላለች። ውስጧ ሰያፍ ሰያፍ መስመሮች ተሠምረዋል፣ ከጎኗ ቀስት ወጥቶ “በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይሞላል” የሚል ተጽፏል።

“የትኛው አምራች?” አለች ለራሷ፣ በአማርኛ።

ጽሑፉን አጠፋችው። እኔ ኮቴን እየለበስኩ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጥቁር ነገር በስንጥር ለማውጣት እሞክር ነበር። እሷ ስልኳን አንሥታ ሳይት ላይ ላለው ሰው ደወለች።

“አሁን መስኮቱ ጋ ቆመሃል?” አለችው በእንግሊዝኛ። “ሂድና ቁም። እጠብቅሃለሁ።”